የዩኒፎርሙ ጨርቅ ነውር

መፍቱሃ ባሏ እውነት በመናገሩ ተቆጥታ አታውቅም። የሚያናድዳት ሳይጠየቅ መናገሩ ነበር። ሰው አዝራር ሊገዛ ገብቶ፣ መርጦ፣ ከፍሎ፣ እግሩን ወደ በሩ ሲያነሣ፣ ሱሩር ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ይልና «እንዲያው እንድታውቀው ያህል፣ እነዚህ አዝራሮች ፀሐይ ሲበዛባቸው ይሰነጠቃሉ» ይላል። ሰውየው አዝራሩን መልሶ ገንዘቡን ይቀበላል። ሱሩር ደግሞ ሸክም እንደወረደለት ሰው በረጅሙ ተንፍሶ ወደ ስፌቱ ይመለሳል።

ይህ ነገር የያዘው በ2003 ክረምት፣ በረመዳን ነው። ከዚያ በፊት ከሶዶ መናኸሪያ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ዳር ያለችው ሱቃቸው እንደ ሰው ሱቅ ነበረች፤ እሱም እንደ ሰው ነጋዴ ነበር። የስልጤ ልጅ ይሁን እንጂ አባቱ በወጣትነታቸው መጥተው ሶዶ ስለከተሙ ወላይትኛው አብሮት ያደገ ነው፤ በወላይትኛም በአማርኛም ዕቃ ማሞገስ ይችልበት ነበር። በዚያ ረመዳን ግን ከተራዊሕ ሶላት በኋላ የመስጊዱ ኡስታዝ ስለ ንግድ ያስተምሩ ጀመር። ነጋዴ የዕቃውን ነውር ደብቆ መሸጥ እንደማይፈቀድለት፣ እርጥቡን እህል ከሥር አድርጎ ደረቁን ከላይ የሚያሳይ ሰው የሚያገኘው ትርፍ በረካ እንደሌለው እያፍታቱ አስረዱ። መስጊዱ ውስጥ ነጋዴ ያልሆነ ሰው ጥቂት ነበር። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ፤ አብዛኛውም ትምህርቱን ለጎረቤቱ ሱቅ በጣም ተገቢ ሆኖ አገኘው። ለራሱ የወሰደው ሱሩር ብቻ ነበር።

መፍቱሃም በዚያ ክረምት ተማሪ ነበረች። ትዳር ሲመጣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችው ትምህርት ሁልጊዜ ይቆጫት ስለነበር፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ነጋዴዎች የንግድ ሥልጠና ይሰጣል ሲባል ቀድማ ተመዘገበች። አሠልጣኙ አቶ ጉልላት ዝናብም ቢዘንብ ፀሐይም ቢወጣ ክራቫቱን የማያወልቅ፣ በየመሐሉ እንግሊዝኛ ጣል የሚያደርግ ሰው ነው። «ማርኬቲንግ ማለት» ይላል ጠመኔውን አንሥቶ፣ «ፖዚቲቩን ማጉላት ማለት ነው። ደንበኛ ንጉሥ ነው። ንጉሥ ፊት ደግሞ መጥፎ ዜና ይዞ የሚቀርብ የለም።» መፍቱሃ ይህን ቃል በቃል ያዘችው። እንዲህ ሆኖ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሁለት ትምህርት ገባ፤ አንዱ ከመስጊድ፣ አንዱ ከሥልጠና አዳራሽ፣ ሁለቱም ከአንድ የገንዘብ መሳቢያ ጀርባ ተቀመጡ።

በዚያው ክረምት የሰፈሩ ትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን ከቡናማ ወደ ሰማያዊ ቀየረ። ልጅ ያለው ቤት ሁሉ አዲስ ሊያሰፋ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ዕድል በየዓመቱ አይገኝም። ጨርቅ ለመግዛት አዲስ አበባ የሚሄደው እስከዚያ ድረስ ሱሩር ነበር። መፍቱሃ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሸጣለች፤ የሱቁ ገንዘብ መርካቶ ሲሄድ ግን የሚሄደው በሱሩር ኪስ ነው። ዒድ ካለፈ በኋላ «ዘንድሮ እኔ ልሂድ» አለችው። ብዙ ይከራከረኛል ብላ ከሥልጠናው ያጠናቻቸውን ነጥቦች ሁሉ አዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን ጥቂት አሰብ አድርጎ «ሂጂ» አላት። ያጠናችው ሁሉ ሳይነገር ቀረ፤ ይህም ትንሽ ቅር አሰኛት።

መርካቶ ስትደርስ ጺማቸውን በሒና ያቀሉ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ «ልጄ» ብለው ተቀበሏት። ሻይ አስመጡላት፣ ስለ ጤናዋ ጠየቋት፣ ጨርቁን ዘርግተው በመዳፋቸው እየዳበሱ «ወላሂ ይህን ለገዛ ልጄ ነበር ያስቀመጥኩት» አሏት። መፍቱሃ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው፣ ጎተት ጎተት አድርጋ ሞከረችው፣ እንደተማረችውም ዋጋውን ሁለት ጊዜ አስወረደችው። ጣቃዎቹን አውቶቡስ ላይ አስጭና ስትመለስ ከሶዶ በላይ የቆመው የዳሞታ ተራራ ከጉሙ ብቅ ሲል ያየችው ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ መሰላት። የሱቁን ገንዘብ ጥርግ አድርጋ ጨርቅ አድርጋው መጥታለች፤ ሰው በራሱ እንደዚያ የሚኮራበት ቀን ብዙ አይደለም።

ከዚያ ጣቃ መጀመሪያ የተሰፋው ለገዛ ልጃቸው ለነዒማ ነበር። መፍቱሃ ቁርጭምጭሚቷን የሚሸፍን ጉርድ ከነሸሚዙ ሰፋችላት፣ አጠበችው፣ አጥር ላይ አሰጣችው። በማግሥቱ ነዒማ ስትለብሰው ጉርዱ ባቷ መሐል ላይ ቆመ፤ የሸሚዙም እጅጌ ከአንጓዋ ሸሽቶ ወደ ክርኗ ወጣ። ልጅቷ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን እያየች «እማዬ፣ በአንድ ሌሊት ነው ያደግኩት?» አለች፤ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

መፍቱሃ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሱሩር ተንበርክኮ ጉርዱን በሜትር ለካ፣ ጨርቁን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገ፣ ከዚያም ተነሣና «አልሐምዱሊላህ፤ ለሰው ሳንሸጥ አወቅነው» አለ። ይህን ብቻ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር፤ ለቁጣው መልስ አዘጋጅታለች። እሱ ግን የነዒማን ጉርድ አስወልቆ ሱቁ በር ላይ እንደ ባንዲራ ሰቀለው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው።

«ሰው አይቶ ይግዛ። ሲታጠብ እንዲህ ይሆናል እላቸዋለሁ።»

«አቶ ጉልላት ቢሰማህ ያለቅስልሃል። ሱሩር፣ የሱቁ ገንዘብ ሁሉ እኮ እዚህ ጨርቅ ላይ ነው ያለው። ቢያንስ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ተናገር።»

«ዝቅ አድርጌ ብናገር የማይሰማ ሰው ይኖራል» አለ።

መጀመሪያ የመጣችው አስካለች ነበረች። አስካለች ገበያ ውስጥ የበርበሬ ዳጣ የምትሸጥ፣ እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኗን መዘምራን የምትመራ፣ አራት የተማሪ ልጆች ያሏት ጎረቤታቸው ናት። ስትቸኩል አማርኛዋ ወንድና ሴቱን ያቀላቅላል፤ ሶዶ ውስጥ ግን በዚህ የሚደናገር ሰው የለም። ጨርቁን ዳሰሰችና «ሎኦ ነው» አለች፣ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። «ለአራቱም ልጆች ለኩልኝ።»

ሱሩር ጉሮሮውን ጠራረገ። መፍቱሃ ዓይኗን ጨፈነች።

«አስካለች፣ ሳልነግርሽ አልሸጥልሽም። ይህ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል። በሜትር አንድ ስንዝር ይበላል።»

«ቀለሟስ?»

«ቀለሙም መጀመሪያ አካባቢ ይለቃል። ከነጭ ልብስ ጋር አብረሽ እንዳታጥቢው። በሩ ላይ የተሰቀለውን ጉርድ እዪው፤ ለነዒማ ልክ ነበር።»

አስካለች ዞር ብላ ጉርዱን አየች። «እሷ የትንሽ ልጅ ልብስ ናት» አለች። ከዚያ መደርደሪያውን አየች፣ የጓዳውን መጋረጃ አየች፣ በመጨረሻም የሱሩርን ፊት ትክ ብላ አየችው። «ገባኝ» አለች ረጋ ብላ። «ጥሩውን ለማን ነው ያስቀመጥከው?»

የዚያን ዘመን ንግድ ለማያውቅ ሰው ጥያቄዋ ግር ሊለው ይችላል። ስኳርና ዘይት ከሱቅ የጠፋበት፣ ጠፋ ከተባለበትም ሱቅ በጓሮ በኩል የሚወጣበት ጊዜ ነበር። ባለሱቅ «የለም» ካለ ላንተ የለም ማለቱ ነው። በእጁ ያለውን ዕቃ ካጣጣለ ደግሞ የተሻለው ከመጋረጃው ጀርባ አለ ማለት ነው። ይህን ሶዶ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን አልነበረም። ሱሩር «ወላሂ ሌላ የለም» ብሎ መማሉም አልበጀውም፤ ስኳር የደበቀ ሁሉ በየእምነቱ ሲምል ነበር የከረመው።

አስካለች መፍቱሃን በክንዷ ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት። «እህቴ፣ ባልሽ ለማን ደብቃ ነው? ለእኔ ብቻ ትንሽ አውጪልኝ። ለማንም አልናገርም፤ መዝሙር ላይ እንኳ አልናገርም።»

እዚህ ላይ መፍቱሃን ሰይጣን ፈተናት። ነገሩ ቀላል ነበር። ወደ ጓዳ ገብታ የዚያኑ ጨርቅ ሌላ ጣቃ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ግራና ቀኝ እያየች ይዛ ብትወጣ አስካለች በደስታ ከፍላ ትሄዳለች። ውሸት እንኳ መናገር አያስፈልግም፤ በሹክሹክታ «እንቺ» ማለት ይበቃል። መጋረጃውን ገልጣ ገባች፣ እጇንም ጣቃው ላይ አሳረፈች። ከውጭ ሱሩር አንድ ጊዜ ሳል አለ። ምናልባት እውነተኛ ሳል ነበር፤ ዝናብ ደብድቦት ሰንብቷል። እሷ ግን እሳት እንደነካው ሰው እጇን ሰብስባ ባዶ እጇን ወጣች። «የለም፣ አስካለች» አለች። አስካለች አኩርፋ ሄደች።

አስካለች ለማንም አልናገርም ያለችው ጨርቁ ከተሰጣት ነበር። ስላልተሰጣት ለሁሉም ተናገረች። በማግሥቱ ሱቁ በር ላይ ወሬ ሰምተው የመጡ ሴቶች ተሰበሰቡ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ሰልፉ ዳቦ ቤቱ ድረስ ደረሰ። ሰልፍ ካለ የሚታደል ነገር አለ ብለው ከአረካ ሚኒባስ የወረዱ ሁለት መንገደኞችም ምን እንደሚሸጥ ሳይጠይቁ ከኋላ ተሰለፉ። ሱሩር በር ላይ ቆሞ «ሰዎች፣ ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ቀለሙ ይለቃል» እያለ ይጮኻል፤ በጮኸ ቁጥር ሰልፉ ይጠጋጋል። ወሬውም አደገ። የተደበቀው ጨርቅ የዱባይ ነው ተባለ። ለባለሥልጣን ልጆች የተያዘ ነው ተባለ። አንዱ ደግሞ ለእስላም ልጆች ብቻ ነው የሚሸጠው አለ። ይህን የሰማ ዕለት ሱሩር ምሳ አልበላም። በዚህ መንደር ተወልዶ አድጎ፣ በየሰርጉም በየለቅሶውም ቆሞ፣ እንዲህ ይባልብኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር፤ መፍቱሃ ሳህኑን ስታነሣ ዓይኑን ማየት ከበዳት።

አቶ ጉልላትም መጣ፣ ከነክራቫቱ። ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ቃኝቶ፣ የሱሩርን ጩኸት ለጥቂት ጊዜ አዳምጦ፣ መፍቱሃን ወደ ጎን ጠራት። ዓይኖቹ በርተዋል። «ወይዘሮ መፍቱሃ፣ ይህን ማን አስተማራችሁ? የተገላቢጦሽ ፕሮሞሽን እኮ ነው። ዕቃህን ስትሰድበው ደንበኛ ይራኮትልሃል። እኔ በዚህ ሙያ ይህን ያህል ዓመት ስኖር አላየሁም።»

«ጨርቁ እውነትም ይሰበሰባል፣ አቶ ጉልላት።»

«በትክክል!» አለ ሳቁን አፍኖ፣ «እንዲህ ፊት ሳይለዋወጥ መባል አለበት። ነገ ለክፍሉ አስተምረዋለሁ።» ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሁለት ልጆቹ ከጥሩው እንድታስቀርለት ለመናት።

መፍቱሃን የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነገር ነበር። ሱሩር የጨርቁን ነውር ሁሉ ሲዘረዝር አንድ ሰው ሁልጊዜ «እሺ፣ ታዲያ ይህን መናኛ ማን ገዝቶ አመጣው?» ይላል። ያን ጊዜ ያ አፉ የማያርፍ ሰውዬ ዝም ይላል። ሜትሩን ይጠቀልላል፣ መቀሱን ይፈልጋል፣ ጣሪያ ያያል። እሷም በልቧ «አፍሮብኛል» ትላለች። «ሚስቴ ናት ብሎ ስሜን ለመጥራት እንኳ አፍሯል።» አንድ ቀን ምሳ ላይ አላስችል ብሏት «የሚቀጥለው ጊዜ መርካቶ ማን ነው የሚሄደው?» አለችው።

«እስቲ መጀመሪያ ይህን እንሽጥ» አለ።

መልሱን እምቢታ አድርጋ ወሰደችው። ከመርካቶ ስትመለስ የተሰማት ያ ኩራት ከዚያ ጨርቅ ጋር አብሮ ታጥቦ የተሰበሰበ መሰላት። ከእንግዲህ መቁረጥና መስፋት ነው እንጂ መሄድ የለም፤ ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ እንደቀረ ይህም ቀረ። ይህን እያሰበች የሰፋችው ሸሚዝ አንገቱ ጠመመ።

ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው አቶ ጩማ መጡ። ጩማ የሰፈሩ የዋጋና የሸቀጥ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከሱሩር ጋር በጨርቅ ኳስ የተራገጡ ሰው ቢሆኑም ያን ዕለት የመጡት ማኅተምና የሙጫ ወረቀት ይዘው ነበር። ሰልፈኛው በሙሉ ተከትሏቸው ገባ፤ መግባት ያልቻለው በመስኮት አንገቱን አሰገገ።

«ሱሩር፣ ሸቀጥ ደብቀሃል የሚል ጥቆማ ደርሶኝ ነው። ጓዳህን ማየት አለብኝ» አሉ ጩማ።

«ግባ እይ፤ ያለኝ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» አለ ሱሩር።

ጩማ መጋረጃውን ገለጡት። ጓዳ ውስጥ ቀሪዎቹ ጣቃዎች በላስቲክ ተሸፍነው ተደርድረዋል፤ ጣሪያው ስለሚያፈስ መፍቱሃ ራሷ ነበረች የሸፈነቻቸው። ሰዉ «አለ! አለ!» ብሎ ተንጫጫ። ጩማ አንዱን ጣቃ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ካለው ጣቃ ጎን አስቀመጡት። ዳሰሱት። «ይኼኛው ይለሰልሳል» አሉ።

አስካለች ዳሰሰችው። «በጣም እንጂ። ልብ ታሞቃለች።»

አቶ ጉልላትም ከሰው መሐል እጁን አሾልኮ ነካው። «ኳሊቲው ሌላ ነው» ብሎ አረጋገጠ። ከአረካ የመጡት መንገደኞችም ነክተው ተስማሙ።

«ሰዎች፣ ከአንድ ጣቃ ጎን ሌላውን ነው ያስቀመጣችሁት! አንድ ጨርቅ ነው!» አለ ሱሩር። «አንድ ቀን አብሮ የተገዛ፣ ከአንድ ሱቅ።»

«ማን ገዛው?» አሉ ጩማ።

ሱሩር ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ።

«አንተ ነህ የገዛኸው?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው? ይጠራና ይጠየቅ። አንድ ዓይነት ነው ካለ እናምናለን።»

ሱሩር ጣሪያውን አየ፣ መሬቱን አየ። «ጩማ» አለ በመጨረሻ፣ «የጨርቁን ነውር ጠይቀኝ፣ እስኪመሽ እነግርሃለሁ። የአዝራሩን ጠይቀኝ። የክሩን ጠይቀኝ፤ ክሩም ይበጠሳል። የሰውን ነውር ግን አልናገርም። የዕቃ ነውር ግለጥ ተብዬአለሁ፣ የሰው ነውር ሸፍን ተብዬአለሁ። ተታሎ የተመለሰን ሰው እዚህ ሕዝብ መሐል ስሙን አልጠራም።»

«እንግዲያው የምትደብቀው ነገር አለ ማለት ነው» አሉ ጩማ፣ በእርግጥም አዘኑ። «ወንድሜ፣ ምን ላድርግህ። ሱቁ ይታሸጋል።» የሙጫውንም ወረቀት መላጥ ጀመሩ።

መፍቱሃ ከስፌት መኪናው ጀርባ ቆማ ሁሉን ሰማች። ለካስ አፍሮባት አልነበረም። ያ ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው፣ የአዝራር ነውር እንኳ ሳይገልጥ ማደር የማይችለው ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ቀን በጥርሱ ነክሶ የያዘው የእሷን ስም ነው። ሱቁ ሲታሸግ እያየ እንኳ ነክሶ ይዞታል። በእሱ ላይ ያሰበችው ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አላትና አፈረች፤ ከዚያ ደግሞ እንዲህ ያለ ጅል ሰው ስላገባች ደስ አላት። በርጩማውን ስባ ወጣችበት።

«እኔ ነኝ የገዛሁት» አለች።

ሱሩር «መፍቱሃ፣ ተዪ» አለ፤ አልሰማችውም።

«እኔ ነኝ። እሱ አይደለም። ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ጨርቅ አውቃለሁ ብዬ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ልጄ ብለው ሻይ አጠጡኝ። ሻይው ጣፋጭ ነበር፤ ስኳር የጠፋበት ጊዜ ስለሆነ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ። ለገዛ ልጄ ያስቀመጥኩት ነው ሲሉኝ አመንኳቸው። ዋጋውን ሁለት ጊዜ ሲቀንሱልኝ እንዴት ያለሁ ጎበዝ ነኝ አልኩ። አሁን ሳስበው ሦስተኛም ብጠይቃቸው ይቀንሱልኝ ነበር፤ ይህን ጨርቅ የሚወስድላቸው ሰው ሲጠብቁ ነው የከረሙት። አውቶቡስ ላይ ጣቃዎቹን እያቀፍኩ ነው የመጣሁት። ሰው እንዳይሰርቀኝ ፈርቼ እንቅልፍ እንኳ አልተኛሁም።»

መጀመሪያ የሳቀችው አስካለች ናት። ከዚያ ሳቁ በመስኮት በኩል ወጥቶ ሰልፉን ተከትሎ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄደ። መፍቱሃ እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞልቶ ቆማ ነበር፤ የሰው ሳቅ ሲያይልባት ግን እሷም ሳቀች።

«በቃ እውነት ነው» አለች አስካለች ዓይኗን እየጠረገች። «ሰው አዋቂ ነኝ ብሎ ይዋሻል። ተሞኘሁ ብሎ በርጩማ ላይ ወጥቶ የሚዋሽ እኔ አላየሁም። ጨርቋ መጥፎ ናት።»

ጩማም ጨርቁን እንደገና ዳሰሱት። «አሁን ሳየው እንዲያውም ይሻክራል» አሉ።

ሱሩር ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጮኽበት የከረመው እውነት በመጨረሻ ታመነ። በታመነበት ቅጽበትም ሰልፉ ፈረሰ። መጥፎ ጨርቅ ለመግዛት የሚሰለፍ የለምና ሰዉ ጃንጥላውን እየዘረጋ ወደየጉዳዩ ሄደ፤ ከአረካ የመጡት ሁለቱ የሚኒባስ ጊዜ እንደባከነባቸው እያጉረመረሙ ወጡ። አቶ ጉልላት በር ላይ ቆሞ ቀረ። «ወይዘሮ መፍቱሃ፣ ይህ ጥሩ አይደለም» አለ፤ «እኔ እኮ ለክፍሉ አስተምሬዋለሁ። ሁለት ሠልጣኞች ዛሬ ጠዋት ዕቃቸውን መስደብ ጀምረዋል።» ጩማ ደግሞ የላጡትን ሙጫ የሚለጥፉበት አጥተው በጣታቸው ይዘውት ነበር። «ሱሩሬ፣ ከመጀመሪያው አትነግረኝም ነበር?» አሉ።

«ነግሬህ ነበር» አለ ሱሩር።

«መንገርማ ነገርከኝ» አሉ ጩማ፣ ሙጫውን መጋረጃው ላይ ጠርገው እየወጡ።

ሱቁ ውስጥ የቀረችው አስካለች ብቻ ናት። «ትምህርት ሰኞ ነው» አለች። «መጥፎም ብትሆን አራት ልጆች ራቁታቸውን አይሄዱም። ሌላ ሱቅ ያለው ደግሞ አልቋል።»

መፍቱሃ ከበርጩማው ወረደች። ጨርቁ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆየችና «ይህ ጨርቅ ሌባነቱ በመጀመሪያው እጥበት ነው» አለች። «ከታጠበ በኋላ የት ይሄዳል? እኔ ራሴ አጥቤ፣ የሚበላውን በልቶ ሲጨርስ በተረፈው እሰፋልሻለሁ። የምትከፍዪው ለተረፈው ብቻ ነው።»

በሥልጠናውም በመስጊዱም ስለ ሳሙና የተናገረ አልነበረምና ይህን ለማሰብ እንዲህ ዘገየች። ያን ዕለትና በማግሥቱ ባልና ሚስት ግቢያቸው ውስጥ በርሜል ሞልተው፣ እስከ ክርናቸው ሰማያዊ ሆነው ሲያጥቡ ዋሉ። ነዒማ እጣቢውን ውኃ በቦይ ስትደፋ ሰማያዊ ፈሳሽ በመንገዱ ወርዶ ገበያ ደረሰ፤ ሰው ሁሉ ተከትሎት መጣ። ደግነቱ ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበርና ጨርቁ በአጥሩ ዙሪያ፣ ከዚያም በጎረቤት አጥር፣ ከዚያም በአስካለች እንሰት ላይ ሳይቀር ተሰጣ። ሲደርቅ መፍቱሃ በሕዝብ ፊት ለካችው። የጎደለው ጎድሎ የቀረው ግን እንደገና ቢያጥቡትም ንቅንቅ አላለም። ሰዎች መግዛት ጀመሩ።

ሱሩር አላስቻለውም። አጥሩ ጥግ ቆሞ ለገዢው ሁሉ «ሳልነግራችሁ እንዳልቀር፣ ይህ ጨርቅ አዲስ አይደለም፣ አንድ ጊዜ ታጥቧል» ይላል። ሰዉም «አይተናል፣ ሱሩር» እያለ ይለካል። ሰኞ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች በሰማያዊ ልብስ ተሰልፈው ሲገቡ ሁሉም እጅጌ አንጓ ድረስ፣ ሁሉም ጉርድ በልክ ነበር። ከነዒማ በቀር፤ እሷ በአንድ ሌሊት ያሳደጋትን ጉርድ ከውስጡ ሱሪ አድርጋ ካልለበስኩ ብላ አልቅሳ ለብሳዋለች።

የታጠበው ጨርቅ ብዙ ትርፍ አላመጣም፤ የተበላው ስንዝር ሁሉ ከእነሱ ትርፍ ነው የተበላው። ሱቁ ግን አልተዘጋም፣ መደርደሪያውም ባዶ ሆነ። ጥቅምት ሲገባ አንድ ረፋድ ሱሩር ከገንዘብ መሳቢያው ጀርባ ተነሥቶ የመርካቶ መሄጃውን ቦርሳ አወረደ። አቧራውን አራገፈ። መፍቱሃ መርፌ ላይ ክር እየሰካች ነበር፤ መርፌው ቀዳዳ የለው ይመስል እምቢ አላት። የሚሄድበትን ቀን ሲነግራት ፊቷ ምንም እንዳያሳይ ልቧን አዘጋጀች።

«ሐሙስ መኪና አለ» አለ።

«መልካም መንገድ» አለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል።

ቦርሳውን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

መፍቱሃ ቦርሳውን አየች፣ እሱን አየች። «ሱሩር፣ እኔ ጨርቅ አላውቅም። ከተማው በሙሉ ሰምቷል።»

«ያን ጊዜ አታውቂም ነበር» አለ፤ «አሁንማ ታውቂያለሽ።» ከዚያም ወደ ስፌቱ ተመልሶ፣ ሳይጠየቅ መናገር አይቀርለትምና፣ «ብቻ አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዘሽ ሂጂ፤ ሻያቸውን ከመጠጣትሽ በፊት ጨርቃቸውን አርጥቢው» አላት።